ግሪሳ ብዬ የጮኽኩ ቀን

ሌላው ወንዝ ባሕር ይገባል፤ የእኛው ጎሊና ግን መንገድ ይሰለቸዋል። ከተራራው ሲወርድ ብታዩት ድንጋይ እያንከባለለ፣ ዛፍ እየነቀለ፣ ቀይ ባሕርን ዛሬውኑ ሞልቶት የሚያድር ይመስላል። የሮቢትን ማሳ አልፎ ወደ አፋር ቆላ ሲጠጋ ግን ልክ እንደ እኔ ጉልበቱ ይከዳዋል። አምስት ስድስት ቦታ ይከፈላል፣ የተሸከመውን ደለል ይዘረግፋል፣ ኩሬ ኩሬ ሠርቶ እዚያው ጋደም ይላል። አሸዋው ቀስ እያለ ይጠጣዋል። እኛ ቦታውን «መተኛው» እንለዋለን። ወንዝ የሚተኛበት ስፍራ ካለ እኔም ከጡረታ በኋላ እዚያ ብውል ማን ይፈርድብኛል?

ክረምት ሲወጣ መተኛው ሌላ አገር ነው። ፊላው ከሰው ቁመት በላይ ይበቅላል፤ የኩሬው ዳር ጭቃ እንደ መስተዋት ያበራል። መስከረም ሲጋመስ ሳቢሳዎቹ ይመጣሉ፤ ነጫጭ ናቸው፣ ለቅዳሴ የለበሱ ዲያቆናት ነው የሚመስሉት። ቀጥሎ ይብራው። ቀጥሎ ስማቸውን የማላውቃቸው ባለ ረጃጅም እግሮች፣ መርፌ እንደ ጠፋበት ልብስ ሰፊ አቀርቅረው ጭቃውን የሚበረብሩ። ከዚያ ሽመላ! ሽመላ ሲመጣ እኔ ሰው አልሆንም። ከሰማይ ጥግ እየተሽከረከረ ሲወርድ ከዘራዬን ጥዬ አጨበጭባለሁ። አንድ ጊዜ ሳጨበጭብ ሚዛኔን ስቼ ጭቃው ውስጥ ቁጭ አልኩ። ሽመላው ለአፍታ አየኝና፣ እንደ እንቁራሪት የምበላ አለመሆኔን አረጋግጦ መንገዱን ቀጠለ።

ልጄ ከአዲስ አበባ የላከችልኝ አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር አለኝ። ሁለት ዓይን ነበረው፤ ግራው በመጀመሪያው ሳምንት ከእኔ ጋር ቦይ ውስጥ ወድቆ ታወረ። የእኔ ደግሞ ሞራ የጋረደው ቀኙ ነው። ስለዚህ የመነጽሩን ቀኝ በራሴ ግራ ዓይን ላይ ሳደርገው ሌላው ጎኑ ወደ ጆሮዬ ይወጣል፤ ከሩቅ ለሚያየኝ በጆሮዬ የማይ ነው የምመስለው። ባለቤቴ «ሠላሳ ዓመት ልጆች ስትቆጥር ኖረህ አሁን ወፍ ትቆጥራለህ። ልዩነቱ ወፎቹ እጃቸውን አውጥተው ሽንት ቤት አለመጠየቃቸው ነው» ትለኛለች።

አብሮኝ የሚውለው ጎረቤቴ ነው። ሐጂ እለዋለሁ፤ ሐጅ አላደረገም፣ ከወልድያ ማዶ የሄደበትም ቀን ትዝ አይለኝም። እሱ መምህር ይለኛል፤ ይቺ እንኳን እውነት ናት፣ አራተኛ ክፍልን ሳይንስ ሳስተምር ነው ያረጀሁት። የሐጂ ማሽላ ከመተኛው ፊላ የሚለየው በአንዲት ቦይ ብቻ ነው። እሱም ቤተሰቡም ዓመቱን ሙሉ የሚበሉት ከዚያ ማሳ ነው። እሱ ማሽላውን ከወፍ ይጠብቃል፣ እኔ ቦዩ ዳር ቁጭ ብዬ ወፎቹን እጠብቃለሁ። እንዲህ ያለ ጉርብትና እስካሁን ዱላ ሳያማዝዘን መኖሩ ይገርመኛል።

ለማሽላ አገር ሰው ወፍ ሁለት ዓይነት ነው፤ ግሪሳና ሌላው። ግሪሳ ከአውራ ጣቴ ብዙም የማትበልጥ ባለ ቀይ ምንቃር ናት። ብቻዋን ብትመጣ እንግዳ ባልናት ነበር፤ ግን ብቻዋን መጥታ አታውቅም። በሺህ በሺህ ሆና እንደ ጭስ እየተንከባለለች ትመጣና፣ ማሽላው ወተት በያዘበት ሰሞን ካረፈች፣ አንተ ቁርስህን ሳትጨርስ እሷ ማሳህን ጨርሳ ትነሣለች። ለዚህ ነው ከአባቶቻችን የወረስነው የጩኸት ሕግ ያለን። በየማሳው መካከል ጠባቂ የሚቆምበት የእንጨት ማማ አለ። መጀመሪያ ያየ «ግሪሳ ገባ!» ብሎ ይጮሃል። ቀጣዩ ማማ ይቀበልና ለቀጣዩ ይሰጣል፤ እንዲህ እያለ ጩኸቱ አስፋልት ይደርሳል። የሰማ አይጠይቅም፣ ያስተላልፋል። «እውነት ነው ወይ?» እያለ የሚመራመር ሰው፣ መርምሮ ሲጨርስ አገዳ ብቻ ነው የሚያገኘው። ዛሬ ስልክ ተጨምሮበት ጩኸቱ ቆቦ የምትቀመጠው የሰብል ባለሙያ ጆሮ ድረስ በደቂቃ ይገባል። የሚሄድ ጩኸት አለን፤ የሚመለስ ጩኸት ግን የለንም። አባቶቻችን «ተሳስቻለሁ» የሚል አላወረሱንም። ወይ አይሳሳቱም ነበር፣ ወይ እንደ እኔ ዓይነት ነበሩ።

ባለፈው ጥቅምት፣ ማሽላው ልክ ወተት በያዘበት ሰሞን፣ አንድ አመሻሽ ላይ ሐጂ ማማው ላይ እኔ ማማው ሥር ሆነን የልጅነት ጀብዷችንን እናወራለን። በልጅነታችን ትይዩ ማማዎች ላይ ነበር የምንውለው። እኔ በአንድ የወንጭፍ ድንጋይ ሦስት ግሪሳ የጣልኩበትን ታሪክ ለስንተኛ ጊዜ እንደማወራ አላውቅም።

«ባለፈው ሳምንት ሁለት ነበሩ» አለኝ ከላይ።

«ሦስተኛዋ ቆስላ ነበር። ኋላ ሞተች።»

«ሞቷን ማን ነገረህ? ዘመዶቿ መርዶ ላኩብህ?»

ይህን ተባብለን ሳንጨርስ ፀሐይዋ ከምዕራቡ ተራራ ጀርባ ገባች፤ በምሥራቅ በኩል ሰማዩ ጠቆረ። አንዳች ጥቁር ነገር ተነሣ፣ ተጠቀለለ፣ ተዘረጋ፣ ደግሞ ተጠቀለለና ወደ ፊላው ወረደ። ስንት ነበሩ? እውነቱን ልንገራችሁ፣ ጣቴን አንሥቼ መቁጠር ጀምሬ አሥራ አንድ ላይ ተውኩት።

«መምህር! ያ ምንድን ነው?» አለ ሐጂ። የእሱ ዓይን ከእኔም የባሰ ነው።

እንግዲህ በዚህች ሰዓት አስተዋይ ሰው መነጽሩን ያነሣል። መነጽሬ አንገቴ ላይ ነበር። ግን ዕድሜ ልኩን «የግሪሳ ዓይን አለው» ሲባል የኖረ ሰው መነጽር ሲፈልግ ይታይ?

«ግሪሳ ነዋ!» አልኩ። አላበቃሁም። ለሐጂ ጩኸቱን ልተውለት ሲገባኝ በማማው መሰላል ሦስት እርከን ወጣሁና ሁለት እጄን አፌ ላይ አድርጌ «ግሪሳ ገባ! መተኛው ላይ ግሪሳ ገባ!» አልኩ።

የሚቀጥለው ማማ ተቀበለ። ከዚያ ሌላው። ጩኸቴ በማሽላው ላይ እየዘለለ ሲርቅ ሰማሁት፤ እየራቀ በሄደ ቁጥር እያማረ ይሄድ ነበር። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ የሰው ዓመት ልብስና ጉርስ ሊጠፋ ነው ብዬ እየጮኽኩ ልቤ ግን በደስታ ትጨፍር ነበር። አሁንም ድምፅ አለኝ! አሁንም አገር ይሰማኛል!

ቦዩን ሳልሻገር ስልኬ ጠራ። የሰብል ባለሙያዋ ናት። አራተኛ ክፍል ያስተማርኳት ልጅ ናት፤ ዛሬም ቲቸር ነው የምትለኝ።

«ቲቸር፣ ደህና አመሹ? ግሪሳውን ያዩት እርስዎ ነዎት አሉ።»

«በዓይኔ በብረቱ!»

«ምንቃሩን አይተዋል? ከምንቃሩ ነው የሚለየው ብለው ያስተማሩን እርስዎ ነዎት እኮ።»

እዚህ ላይ ነው ጥፋቴ። እስከዚህ ድረስ ስሕተት ነበር፤ ከዚህ በኋላ ያለው ውሸት ነው። «አላየሁም» ማለት ሦስት ቃል እንኳን አይሞላም፤ እኔ ግን ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ «አይቻለሁ ልጄ። ቀይ ነው፣ የበሰለ በርበሬ!» አልኳት።

«እንግዲያው ከወልድያ የርጭት ቡድን ነገ ከሰዓት ይመጣል። ማታ ማደሪያቸው ሲገቡ እዚያው ይረጭባቸዋል። ከብት ወደ ኩሬው እንዳይጠጋ ይንገሩልኝ፣ መርዝ ነው» አለችኝ።

ሮቢት ስደርስ ወሬው ቀድሞኛል። ሻይ ቤቱ ደጃፍ ላይ ወንበር ተለቀቀልኝ። «አንቱ ባይኖሩ ምን ይውጠን ነበር!» ተባልኩ። ተቀመጥኩ። በአንድ ድንጋይ የጣልኳቸው ግሪሳዎች በዚያች አመሻሽ አራት ሆኑ።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ መተኛው ነበርኩ። ለምን እንደሄድኩ ልናዘዝ? ድል ያደረግሁትን ጠላት ለማየት ነው። ግሪሳው ሲነሣ ለመጨረሻ ጊዜ ላየው ቦዩ ዳር ተቀመጥኩና ማንም ስለሌለ መነጽሬን ያለ ሐፍረት ወደ ጆሮዬ አወጣሁት።

መጀመሪያ ፊላው ተንሾካሾከ። ነፋስ የለም፤ ፊላው ግን ይንቀሳቀሳል። ከዚያ እንደ ፈላ ወተት በአንድ ጊዜ ገነፈለ! በራሴ ላይ፣ በጎኔ፣ በከዘራዬና በጉልበቴ መካከል ሳይቀር አለፉ። የአንዷ ክንፍ ጉንጬን ዳሰሰኝ። መንጫጫት የለም፤ ግሪሳ ይንጫጫል፤ እነዚህ ጥቃቅን ቃል ለራሳቸው እያሉ ነው የሚያልፉት። አንዷ ፊላ ጫፍ ላይ ቀርታ ላባዋን ስታበጥር በመነጽሬ ያዝኳት። ጀርባዋ እንደ ብረት ሰማያዊ፣ ጉሮሮዋ ሸክላ የመሰለ፣ ጅራቷ እንደ መቀስ ለሁለት የተሰነጠቀ። ምንቃሯስ? ምንቃር የሚባል ነገር የላትም ማለት ይቻላል፤ ሚጢጢ ጥቁር፣ ለትንኝ እንጂ ለማሽላ ያልተሠራ።

ጨረባ! ከባሕር ማዶ ብርዱን ሸሽታ በየዓመቱ የምታልፈው፣ ቀኑን ሙሉ በአየር ላይ ዝንብና ትንኝ ስትለቅም የምትውለው ጨረባ! ጥንድ ጥንዷን በስልክ ሽቦ ላይ አውቃታለሁ። እንዲህ ሰማይ ሙሉ ሆና ፊላ ውስጥ አንድ ላይ ስታድር ግን በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም። ብድግ ብዬ አጨበጨብኩ። አጨብጭቤ፣ አጨብጭቤ፣ እጄ አየር ላይ እንዳለ ቆመ። ማታ መርዝ የሚረጨው በእነዚህ ላይ ነው። ያስጠራሁትም እኔ ነኝ።

ሐጂን ማሳው ውስጥ አገኘሁት። ሁሉንም ነገርኩት፤ ስለ ምንቃሩ የዋሸሁትን ጭምር። ጨርሼ እስክቆም አላቋረጠኝም።

«ትናንት ግሪሳ ነው አልከኝ፣ አመንኩህ» አለ። «ዛሬ አይደለም ትላለህ። የትኛውን አንተን ልመን?»

«ዛሬ በመነጽር ነው ያየሁት።»

«ትናንትስ አንገትህ ላይ ያለው ምን ነበር? ክታብ?»

በማሽላው ላይ ዝቅ ብለው የሚበሩትን ጨረባዎች በጣቴ አሳየሁት።

«እነዚህማ ድሮም አሉ» አለ። «ማታ የገቡት እነዚህ ለመሆናቸው ምን ማስረጃ አለህ? ስማኝ መምህር። አንተ ብትሳሳት አንድ ወሬ ነው። እኔ ብሳሳት ልጆቼ ዓመቱን ሙሉ ምን ይበላሉ? ወላሂ፣ ማሽላዬን ከወፎችህ ጋር አታጫውትብኝ!»

እውነቱን ነበር። ዝም ማለቴ አሳዘነው መሰለኝ፣ ወይም ከልጅነታችን ጀምሮ ዝም ስል አይቶኝ ስለማያውቅ ደነገጠ።

«አብሽር» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ማታ ሲገቡ እኔም በዓይኔ አያለሁ። ጨረባ ከሆኑ መርጫው ፊት እኔ ራሴ እቆማለሁ። ግሪሳ ከሆኑ ግን አንተ ራስህ ‹እርጩ› ትላለህ። እስከዚያው ትናንት የለቀቅከውን ጩኸት ሂድና ሰብስብ።»

ጩኸት እንዴት ይሰበሰባል? በእግር! መጀመሪያው ማማ ላይ አንዲት የልጆች እናት ጣሳ እየደበደበች ማሽላዋን ትጠብቃለች። ከሥሯ ቆሜ የትናንቱ ስሕተት እንደነበረ፣ ጨረባ ሳይሆን እንደማይቀር፣ ማታ መጥታ እንድታይ ነገርኳት።

«እንዴ አባባ! ትናንት ግሪሳ፣ ዛሬ ጨረባ! ነገ ዝሆን ነው እንዳይሉን!» አለችና፣ ሳልመልስላት ወደሚቀጥለው ማማ ዞራ፣ «መምህሩ ተሳስተዋል!» ብላ ለቀቀችው። ሁለተኛው ማማ በምን እንደተሳሳትኩ እንኳን ሳይጠይቅ ተቀበለ፦ «መምህሩ ተሳስተዋል!» ሦስተኛው ለአራተኛው ሰጠ። ገና አንድ ማሳ ሳልራመድ ውርደቴ አስፋልት ገብቶ ነበር። የሚመለስ ጩኸት የለንም ብዬ ነበር፤ ይኸው በእኔ ላይ ተፈለሰፈ።

ወደ ቆቦ በሚሄደው ሚኒባስ ስገባ ረዳቱ አየኝና፣ «እርስዎ ነዎት የተሳሳቱት አባቴ? ይግቡ ይግቡ፣ ፊት ወንበር አለ» አለኝ። መከበሬ አልቀረም ማለት ነው።

ባለሙያዋን ቢሮዋ ደጅ፣ መዝገብ በብብቷ ይዛ ስትወጣ አገኘኋት። ተማሪ ፊት ቆሞ መናዘዝ እንዴት ያለ ነገር መሰላችሁ! ከዘራዬን በሁለት እጄ ጨብጬ፣ «ምንቃሩን አላየሁም ነበር» አልኳት።

«በርበሬ አሉኝ እኮ!»

«አልኩ።»

«ቲቸር!» ብላ ግንባሯን ያዘች። «ቡድኑ መንገድ ላይ ነው። ኬሚካሉ ተጭኗል። ገበሬው ተስፋ አድርጓል። አሁን ስሕተት ነው ብዬ ብመልሳቸውና ግሪሳ ሆኖ ቢገኝ የሰው ሰብል አስበላሁ ማለት ነው። ይገባዎታል?»

«ይገባኛል። መልሻቸው አልልሽም። ከመረጨቱ በፊት ምንቃሩን አንቺ እይው ነው የምለው። እኔን አትመኚኝ።»

ትንሽ አየችኝ። «አራተኛ ክፍል እያለሁ፣ ሳላይ ስለ ገመትኩ ዜሮ ሰጥተውኝ ያውቃሉ» አለች። ከዚያ መዝገቧን ከፈተችና ማታ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ራሷ መተኛው እንደምትገኝ ለቡድኑ ደወለች።

በአሥራ አንድ ሰዓት መተኛው ገበያ መስሎ ነበር። ከየማማው ወርደው የመጡት ቦዩ ላይ ተደርድረዋል፤ ሰው ግሪሳ ላይ ሲረጭ ለማየትም፣ መምህር ሲዋረድ ለማየትም እኩል ይመጣል። መርጫው የተጫነበት መኪና ፊላው አጠገብ አፍንጫውን አዙሮ ቆሟል። ሁለት ሰዎች ጓንት አድርገው፣ የአፍ መሸፈኛቸውን አገጫቸው ላይ አንጠልጥለው ይጠብቃሉ። አለቃቸው ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል።

«ከገቡና ከተረጋጉ በኋላ ሩብ ሰዓት ነው ያለን» አለ። «ከዚያ ይጨልማል። ወይ ነው በሉ፣ ወይ አይደለም በሉ።»

ሐጂ ከጎኔ ቆሟል። መቁጠሪያውን ያንቀሳቅሳል፤ ምን ብሎ እንደሚለምን ግን ማወቅ አልቻልኩም። እኔም በልቤ እጸልያለሁ። ሁለታችንም ለየአምላካችን ተቃራኒ ነገር እንዳናቀርብ ፈርቼ እሱን በክርኔ ነካሁት።

«ምን ብለህ ነው የምትለምነው?»

«ማሽላዬንም ወፍህንም ብዬ ነው። አንተስ?»

«እኔም።»

«እንግዲያው ተወኝ ልጨርስ።»

ፀሐይዋ ተራራው ጫፍ ላይ ስትቀመጥ ከደቡብ በኩል ወፎች መጡ። ጥቂት ናቸው፣ ሁለት መቶ ቢሆኑ ነው። እየተንጫጩ፣ እየተንከባለሉ መጥተው ፊላው ዳር ያለች ግራር ላይ እንደ ፍሬ ተንጠለጠሉ። ባለሙያዋ መነጽሬን ከአንገቴ ሳበችው፤ ገመዱ ስላልወጣልኝ እኔም አብሬ ተሳብኩ። ጉንጭ ለጉንጭ ሆነን አየች።

«ቀይ ምንቃር» አለች። «ግሪሳ ነው።»

ቦዩ ላይ ያለው ሰው አጉረመረመ። አንዱ «ትናንት ልክ ነበሩ፣ ዛሬ ነው የተሳሳቱት!» ሲል ሰማሁት። አለቃው መሸፈኛውን ወደ አፉ ሳበ። ሐጂ አየኝ። ጠዋት እንዳለኝ «እርጩ» የምለው እኔ ነበርኩ። አፌን ከፈትኩ፤ ያ አገር የሚያዳርስ ድምፄ አልወጣም።

«ይቆዩ» አለች ባለሙያዋ መነጽሩን ሳትለቅ። «ትናንት አየን ያሉት ሰማይ ሙሉ ነው። ይህ አይደለም።»

ግሪሳዎቹ ግራሯ ላይ ተጨቃጨቁ፣ ወደ ኩሬው ወርደው አንድ ጊዜ ጠጡና ተነሥተው ወደ አፋር በኩል ሄዱ። ፊላው ባዶ ነበር። አለቃው ሰዓቱን አየ። አንድ ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ። ከሩቅ የሚሰማ የላሞች ቃጭል ካልሆነ ድምፅ የለም።

ከዚያ ያቺ እናት፣ ጣሳዋን ይዛ የመጣችው፣ ቀና ብላ «ውይ!» አለች።

ከላይ ነበሩ። ለካ ስንጠብቅ ሁሉ ከራሳችን በላይ፣ ዓይን በማይደርስበት ከፍታ ሲሰበሰቡ ቆይተዋል። አሁን መውረድ ጀመሩ። እንደ ጭስ አልተጠቀለሉም፤ እንደ ዝናብ ነው የወረዱት፤ እያንዳንዷ ለብቻዋ፣ ክንፏን አጥፋ፣ ከሰማይ እስከ ፊላው ጫፍ በአንድ ትንፋሽ! ሰው ራሱን ይዞ ጎንበስ አለ። በመኪናው ጣሪያና በመርጫው አፈ ሙዝ መካከል ያልፋሉ። አንዷ የአለቃውን ኮፍያ ገጨችና ኮፍያው ኩሬ ገባ። እኔ? እኔማ እጮሃለሁ፤ ምን ብዬ እንደጮኽኩ ዛሬም አላውቀውም፤ ሐጂ «አሥራ ሁለት ጊዜ እናትህን ጠርተሃል» ይለኛል።

«መቀስ ጅራት!» ትላለች ባለሙያዋ። «መቀስ፣ መቀስ፣ ሁሉም መቀስ ናቸው! ቲቸር ይዩ፣ ይዩ እንጂ!» መነጽሩን ልትሰጠኝ ትዘረጋና ሳልይዘው መልሳ ራሷ ታያለች።

ሐጂ መነጽር አላስፈለገውም። አንዷ ጨረባ ደክሟት ነው መሰለኝ፣ ማሽላው ዳር፣ ከፊቱ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ባለች አገዳ ላይ አረፈች። ከእሸቱ ጋር አፍንጫ ለአፍንጫ ናት። ሐጂ ትንፋሹን ዋጠ። ጨረባዋ ግራ ቀኝ አየች፣ እሸቱን እንደ ድንጋይ ቆጥራው በላዩ ላይ የምትዞረውን ትንኝ ቀለብ አደረገችና ሄደች።

«አልነካችውም» አለ ሐጂ ቀስ ብሎ። ከዚያ ዞሮ መኪናው ፊት ሄዶ ቆመ። መቁጠሪያውን እንደያዘ ነበር።

አለቃው መጀመሪያ ኮፍያውን ከኩሬው አወጣ። ጨመቀው። መሸፈኛውን አውልቆ ኪሱ ከተተና ለሰዎቹ «ጓንት አውልቁ» አላቸው። ባለሙያዋ ለመመለሻቸው ቅጽ ስትሞላ «ርጭቱ የቀረበት ምክንያት» የሚል ቦታ ላይ ስትደርስ ቀና ብላ አየችኝ።

«የመረጃ ስሕተት ልበል?»

«የሽማግሌ ስሕተት በይ። መረጃው ምን አደረገ?»

መኪናው ሲሄድ ሰው ሁሉ ወደየቤቱ አልሄደም። ፊላው ውስጥ ያ ሁሉ ትንሽ ትንሽ ወሬ እስኪበርድ ድረስ ቆመው ሰሙ። ሐጂ ግን አጠገቤ መጥቶ፣ «ያ ሁለት መቶውስ?» አለኝ። «ግሪሳ ግሪሳ ነው። ነገ ማሳዬ ላይ ቢመጣ መርጫው ሄዷል። ማን ይጠብቃል?»

ምን መልስ አለው? አንድ ብቻ። «እኔ» አልኩ።

«አንተ?» ከከዘራዬ እስከ መነጽሬ አየኝ። «ያ ረቢ! ከግሪሳ ይልቅ አንተን የሚጠብቅ ሰው ልፈልግ ነው።»

ቀልድ መስሎት ነበር። በማግስቱ ጠዋት ማማው ላይ ሲያየኝ ግን ሳቁን ዋጠ። እስኪታጨድ ድረስ በየቀኑ ወጣሁ። ሁለት መቶዎቹ መጡ፤ ጮኽኩባቸው፤ ሲሄዱ ሌሎች መጡ። በሦስተኛው ቀን ድምፄ ጠፋ፤ ባለቤቴ ስለት እንዳስገባች እስካሁን እጠረጥራለሁ። ስወነጭፍ የመጀመሪያዋ ድንጋይ ወደ ኋላ ሄደችና የሐጂን የውኃ ጀሪካን በሳች። ከዚያ ወዲህ ጣሳ ብቻ ተፈቀደልኝ። ጨረባዎቹ ግን ከበላዬ ነበሩ! አሥር ቀን ያህል ማታ ማታ ከሰማይ ሲዘንቡ ማማው ላይ ሆኜ አየኋቸው፤ አንድ ቀን ጠዋት ተነሥተው ማታ ሳይመለሱ ቀሩ። ወደ ደቡብ ሄደዋል። ፊላው ባዶውን ሲቆም እኔም ትንሽ አኩርፌ ነበር።

ኅዳር ላይ ማሽላው ታጨደ። በምሥራቅ ጥግ በኩል አንዲት ዘለላ ፍሬ የሌለባት፣ አገዳ ብቻ የቀረባት ቁራጭ ነበረች። ሐጂ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ አየኝ።

«ይቺ ምን ሆና ነው?»

«ሽመላ መጥቶ ነበር» አልኩት። «ለትንሽ ጊዜ ነው ፊቴን ያዞርኩት።»

«ለምን ያህል ጊዜ?»

«ወርዶ እስኪጨርስ።»

ቁጣው እስኪመጣ ጠበቅኩ። እሱ ግን ማጭዱን ጠራረገ፣ ማማውን ቀና ብሎ አየው፣ አንዱን የማማውን እግር በእጁ ነቀነቀው።

«ለሁለት ሰው ጠባብ ነው» አለ። «ሽመላው ሲመጣ ለምን አልጠራኸኝም?»